የአጎቴ መጋዝና የአያቴ ውጅግራ



«ወረታ ላይ ስለ ጠመንጃ ተናገር» ስባል መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። ለፎገራ ሰው ስለ ጠመንጃ ማውራት ለጣና አስጋሪ ስለ ውኃ እንደ ማውራት ነው። የጋበዙኝ ወጣቶች ግን ነገሩን አጠበቡልኝ፤ «መምህር፣ ያችን የተቆረጠች ውጅግራ እንዴት እንዳደሷት ይንገሩን» አሉኝ። ለእሷ ከሆነ እሺ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርኩ። እንጨት አውቃለሁ፤ ብረት ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፤ ተኩስ አላውቅም። ፉከራ ፈልጎ የመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምናገረው ስለ መጋዝ፣ ስለ ተልባ ዘይት፣ ስለ ጥጃ ቆዳና ስለ ዝገት ነው።

ጠመንጃዋን ይዤ አልመጣሁም። ፈቃዷ በአጎቴ ልጅ ስም ነው፤ የምትኖረውም እሱ ቤት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በፈቃድ የታሰረ ነው፤ እኔም የነካሁት እንጨቷንና የውጭ ብረቷን ብቻ ነው። ያመጣሁት ይህችን ነው። ከኋላ ያላችሁ ትታያችኋለች? ስንዝር ተኩል የምትሆን የወይራ ቁራጭ ናት። የመጀመሪያ ሙከራዬ፤ የተበላሸችው። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስሟን እንያዝ። «ውጅግራ» ስንል ፈረንሳይኛ እየተናገርን ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፉዚ» ይሉታል፤ «ግራ» ደግሞ የነደፋት መኮንን ስም ነው፤ ባዚል ግራ። «ፉዚ ግራ» አባቶቻችን አፍ ውስጥ ሲዞር ከረመና ውጅግራ ሆነ። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ለበን የፈረንሳዩ ለቤል፣ ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር። ሽማግሌዎቻችን የጠመንጃ ዓይነት ሲቆጥሩ የሰማ አውሮፓዊ ቢኖር የራሱን ሰዎች ስም ዝርዝር የሚያነቡለት ይመስለው ነበር።

የፈረንሳይ ጦር ግራን የተቀበላት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ የአፏ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከአፍ እስከ ሰደፍ 1 ሜትር ከ30 የምትረዝም፣ ክብደቷ ከ4 ኪሎ ከፍ የሚል ናት። በ12 ዓመቷ አረጀች። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለቤል ሲመጣ ግራ ከመጋዘን እየወጣች ነጋዴ እጅ ገባች፤ በባሕሩ በር በኩልም ወደ እኛ ጎረፈች። እንዲያውም ከእሷ የባሰ አሮጌ ይመጣልን ነበር። ግጥም መጻፉን ትቶ ንግድ የገባው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የነዳው ሲራራ የጫነው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ውጅግራ እንኳ አልነበረም። ጊዜው ያለፈበት፣ በአፉ በኩል የሚጎረስ ባለ ቆብ ነበር። በማግሥቱ ዓመት እንጦጦ ሲደርስ ምኒልክ ዋጋውን ሰብረው ወሰዱበትና ሰውየው ሲያማርር ኖረ። እኔ ለምኒልክ ነው የምፈርደው፤ ለአሮጌ ዕቃ የአዲስ ዋጋ አይከፈልም።

ይህን ያነሣሁት ነገሩ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ውጅግራ እኛ ዘንድ ስትደርስ አዲስ አልነበረችም። የሌላ አገር ወታደር ትከሻ ላይ ኖራ፣ ቁጥር ተመትቶባት፣ ተርፋ የመጣች ናት። የእኛዪቱ ጎን ላይ «ሴንት ኤቲየን» የሚል የፋብሪካ ስም በተቀጣጠለ የእጅ ጽሕፈት ዓይነት ፊደል ተቀርጿል። አያቴ በሁለት ወይፈን እንደ ገዛት ይነገራል፤ የፎገራ ወይፈን መሆኑን ሲጨምሩበት ደግሞ ድምፃቸው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ መጋዙ።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ሠርቶ የመጣ ጊዜ ሱሪው ጠቦ፣ ጫማው ሾሎ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፤ ከብት ጠባቂ። ውጅግራዋን ከግድግዳ አወረደና እያገላበጠ «ይህች ረጅም እንጨት አሁን ማንን ታስፈራለች? የዘመኑ ጠመንጃ አጭር ነው፤ ከፊቱ ብረቱ ራቁቱን ነው የሚታየው» አለ። በማግሥቱ የአናጢ መጋዝ ተውሶ መጣና ጠመንጃዋን የአልጋ ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ ከአፈሙዙ ሥር የሚሄደውን እንጨት ከመካከሉ ቆረጠው። ሁለቱን የብረት ቀለበቶች አወለቀ። የቀረውን እንጨት ከብረቱ ጋር በስልክ ሽቦ አሰረ። ቀይ ቫርኒሽ ቀባው። አልዋሽም፣ ለእኔ በጣም አምራ ነበር። አያቴ ማታ ከእርሻ ሲገባ አያት፤ ምንም አላለም። ሁለት ቀን አጎቴን አላናገረውም። የተቆረጠው እንጨት የፈረንሳይ ዋልነት ነው፤ በዚያው ሳምንት ቡና ፈላበት።

አጎቴን ለዓመታት ስወቅሰው ኖሬያለሁ። ወቀሳዬን ያለዘበልኝ ኋላ ያነበብኩት ነገር ነው። አጎቴ ያደረገውን ሥራ በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ያደርገው ነበር፤ ስምም አለው፣ «ስፖርተራይዝ» ማድረግ ይሉታል፤ የጦር ጠመንጃን ወደ አደን ጠመንጃ መቀየር ማለት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአውሮፓም የአሜሪካም መጋዘኖች በትርፍ ጠመንጃ ተጨናነቁ። ስፕሪንግፊልድ፣ ኤንፊልድ፣ ሞዘር፣ ካርካኖ በርካሽ ይቸበቸብ ጀመር። አዲስ የአደን ጠመንጃ ለመግዛት አቅም ያነሰው ገበሬና ሠራተኛ ይህን ይገዛና ቤቱ ወስዶ የፊቱን እንጨት ይቆርጣል፣ የሳንጃ መሰኪያውን በሞረድ ይልጋል፣ አፈሙዙን ያሳጥራል፣ መነጽር ለማሰር ብረቱን ይበሳል። ርካሽነቱን ለማወቅ አንድ ጠመንጃ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ካርካኖ እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ትርፍ መሣሪያ ነበር፤ ገዳዩ ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ ነው ያዘዘው። በ1928 ዓ.ም. በእኛ ላይ የዘመቱት የጣሊያን ወታደሮች የያዙት ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የፖስታውን ንግድ ከዘጋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ከዚያ ጊዜው ተገለበጠ። ሁሉም ሲቆርጥ ከቆየ በኋላ ያልተቆረጠው ብርቅ ሆነ። አያቱ የቆረጠውን የልጅ ልጁ ሊመልስ ተነሣ። እንጨት ይፈልጋል፣ ቀለበት ይፈልጋል፣ የጠፋ ብሎን በዓመት ይፈልጋል። ልጆቹ ጠመንጃዎቹን የሚገዙት ከየት እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፤ ከእኛም ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ያሉ አስመጪዎች ከኢትዮጵያ የወጣ አሮጌ ጠመንጃ በብዛት ሸጠዋል። ግራ፣ ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ ሊ ኤንፊልድ፣ የቤልጅግ ሞዘር፣ ካርባይን፤ የአድዋው ዘመንም የማይጨውም የክብር ዘበኛውም በአንድ ሣጥን። ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ጠመንጃ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ ዛሬ መሣሪያ አይቆጠርም፤ ስለዚህ እንደ አያቴ ያለችዋ ውጅግራ እዚያ የምትሸጠው እንደ ጌጥ ነው። ብዙዎቹ እንደ እኛው ሰደፋቸው በቆዳ የተሰፋ፣ በሽቦ የተጠመጠመ ነው። ከገዢዎቹ አንዳንዱ ቆዳውን ቀዶ ይጥለዋል፤ ወደ ፋብሪካው መልክ እየመለሰ ነውና። አንዳንዱ ደግሞ ቆዳውን ሆን ብሎ ይተወዋል። ልብ በሉልኝ፣ ዛሬ የምናገረው ነገር ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ነው።

አሁን ሥራውን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሜትር መዘርጋት ነው። የግራ አፈሙዝ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ለካሁት፤ ሙሉ ነው። ቁጭ አልኩና አጎቴን መረቅሁት፤ እንጨቱን እንጂ ብረቱን አልነካም። ብረት ከተቆረጠ መመለስ የለም። ሌላ አፈሙዝ መግጠም ይቻል ይሆናል፤ ያ ግን ሌላ ጠመንጃ መሥራት ነው።

ቀጥሎ ቫርኒሹ። ሰዉ ሁሉ የሚመክረኝ ብርጭቆ ወረቀት ነበር፤ «ፈገግ አድርጋት!» ይላሉ። እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ቆሻሻ ብቻ አያነሣም፤ ቆዳውን ነው የሚገፈው፤ ቆዳው ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። በአኳራጅ የራሰ ጨርቅ ይዤ ቀስ እያልኩ ሦስት ቀን አሸሁት። በሁለተኛው ቀን ከሰደፏ ቀኝ በኩል ግማሹ የጠፋ ክብ ማኅተም ብቅ አለ፤ የፋብሪካው ነው። በሦስተኛው ቀን ከእሱ ዝቅ ብሎ በቢላ ጫፍ የተጫረ ትንሽ መስቀልና ሁለት የአማርኛ ፊደላት ታዩ። የአያቴ የክርስትና ስም መነሻና የአባቱ ስም መነሻ ናቸው። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። በብርጭቆ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ዛሬም የሚያውቅ አይኖርም።

የተጎደጎደውን እንጨት ደግሞ አልሞላሁትም። እንጨት ሲመታ የሚጎደጉደው ጭረቱ ስለሚታመቅ ነው፤ አልጠፋም፣ ተጨፍልቆ እዚያው ነው ያለው። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ የጋለ ካውያ ብታስነኩት እንፋሎቱ ገብቶ መልሶ ያነፋዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ሁልጊዜ ያጨበጭባሉ። ጭረቱ ካልተቆረጠ፣ ከተጨፈለቀ ብቻ፣ ይሠራል።

አሁን ወደዚህች ወይራ እንመለስ። የተቆረጠውን የፊት እንጨት ለመቀጠል ወይራ መረጥሁ፤ ጠንካራ ስለሆነ፣ ያምራልም። በሰያፍ ቆርጬ፣ በኮላ አጣብቄ፣ አስሬ፣ ሲደርቅ ልብ በሉ ብዬ ሰው ጠርቼ አሳየሁ። ከዚያ ክረምት ገባ። የፎገራን ክረምት ለእናንተ አልነግርም፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያድግ፣ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ጋቢ እንኳ ይረጥባል። ዋልነቱ ነፋ፤ ወይራው እንደ ዋልነቱ አልነፋም። አንድ ማለዳ «ጧ» አለ። መጋጠሚያው ተላቀቀ። እነሆ ቁራጩ። ጠንካራ እንጨት ሁሉ ለሁሉ ነገር አይሆንም፤ ሲነፋ አብሮ የሚነፋ፣ ሲደርቅ አብሮ የሚደርቅ ነው የሚፈለገው።

ሁለተኛውን ከዋንዛ ሠራሁት፤ ከአንድ የፈረሰ ቤት አሮጌ በር። ያ በር ስንት ክረምት አይቶ፣ መነፋቱንም መሟሸሹንም ጨርሶ፣ ተረጋግቷል። ቀለሙም ለዋልነት ይቀርባል። ይኸው ሁለት ክረምት አሳለፈ፤ ቆሟል።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልበል፤ እናቶች ይፍረዱኝ። የእኛ ሰው ጠመንጃ የሚቀባው ኑግ ነው፤ እንጨቱን ደግሞ ቅቤ። የኑግ ዘይት ብረት ላይ ሲቆይ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ያ ብጫማ ዝልግልግ ነገር አቧራውን ይዞ ይቀመጣል። ቅቤ አይጥ ይጠራል፤ ሌላ ምን ልበል። አውሮፓ ውስጥ የወታደር ጠመንጃ እንጨት የሚቀባው በምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በተልባ ዘይት። ተልባ! ደጋው ላይ የሚዘራው፣ ለሆድ ድርቀት የምንጠጣው። ዘይቱ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ለዚህች ጠመንጃ ከውጭ ያስመጣሁት አንድም ነገር የለም፤ በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ሳምንት ቆየሁ፣ ደገምኩ። ለብረቱ ግን ቀጭን የማሽን ዘይት ይሻላል።

ዝገቱ ከሁሉ ያስደሰተኝ ሥራ ነው። ቀይ ዝገት ብረት ይበላል፤ ጥቁሩ ግን ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል። ቀዩን ወደ ጥቁር የሚቀይረው የሚፈላ ውኃ ነው። የወለቁትን ትንንሽ የውጭ ብረቶች ከዘይት አጽድቼ፣ ንጹሕ የዝናብ ውኃ በሞላ ድስት ግማሽ ሰዓት ቀቀልኳቸው። ባለቤቴ ገብታ ክዳኑን ከፍታ «ምን እየቀቀልክ ነው?» አለች። «ብሎን» አልኳት። ድስቱ ከዚያ ወዲህ የእኔ ነው። ሲወጡ ቀዩ ወደ ጥቁር ተቀይሯል፤ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ሲደረግ ሥር ያለው ጥቁር ቀረ። ሞረድ አልነካቸውም፣ የተቀረጸው ቁጥር አልተጎዳም። በክረምት እርጥበት ዝገት የያዛቸው የእርሻ ዕቃዎችም በዚሁ መንገድ ይድናሉ፤ ሞክሩት፣ ድስቱን ግን አስፈቅዱ።

እዚህ ድረስ ጥያቄ አልነበረም። ቫርኒሹም የስልክ ሽቦውም የአጎቴ ጥፋት ናቸው ብዬ እየመለስኩ ነበር። የሰደፏ አንገት ላይ ስደርስ ቆምኩ።

አንገቷ ተሰብሮ ነበር። መቼ እንደሆነ አክስቴ ታውቃለች፤ እሷ ሕፃን ሳለች አያቴ ከበቅሎ ወድቆ ነው። እጁም ሰደፉም ተሰበሩ። እጁን ወጌሻ አሰረለት፤ ሰደፉን እሱ ራሱ አሰረ። የጥጃ ቆዳ እርጥቡን ቆርጦ ስብራቱ ላይ ጠቅልሎ በጅማት ሰፋው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ እንደ ብረት ይጨብጣል። ያ ስፌት ከዚያ ወዲህ አልላላም። ስፌቶቹ እኩል አይደሉም፤ በአንድ እጅ ነው የተሰፉት፣ ሌላው እጁ አንገቱ ላይ ታስሯል። ስፌቶቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ 19 ናቸው።

የፋብሪካ መልኳ እንዲመለስ ከተፈለገ ያ ቆዳ መነሣት አለበት። ግራ ከሴንት ኤቲየን ስትወጣ የጥጃ ቆዳ አልነበራትም። መሮውን ይዤ፣ እውነቴን ነው፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀመጥኩ።

የሕንፃ ጠጋኞች በዚህ ነገር ከእኛ በፊት ተጨንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የተስማሙበት ቻርተር አንድ ሐውልት ላይ የየዘመኑ ሰው የጨመረው ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ይከበር ይላል፤ ሁሉን አፍርሶ ወደ አንድ ዘመን መልክ መመለስ የእድሳት ግብ አይደለም። ሩቅ ሳንሄድ ጎንደር አለልን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲልን ግቢ በሲሚንቶ ጠገነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከኖራና ከድንጋይ ጋር አብሮ አይተነፍስም፤ ልክ እንደ እኔ ወይራ። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ። እንግዲህ የሰው እጅ ከጨመረው መካከል የሚነሣም የሚቀርም አለ ማለት ነው። የሚነሣው አካሉን የሚጎዳው ነው።

ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፤ ይህን ወሬ ሳልነግራችሁ ባልፍ አዝናለሁ። ከዚህ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. በ1867 የተቀለጠው እዚያ ነው። ከቀላጮቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል ይባላል፤ ከፖላንድ የመጣ። ያገባት ሴት የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ናት፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት። ከልጆቹ አንዷ የታዋቂው የፊልም ተዋናይ የፒተር ዩስቲኖቭ አያት ናት። ሌላው ልጁ ዳዊት ሆል ይባላል። ይህ ዳዊት ሆል በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ተልኮ በርሊን ሄዶ መሣሪያ ለመነ። ሂትለር ጣሊያንን ኢትዮጵያ ውስጥ ማድከም ስለፈለገ በምስጢር ፈቀደ፤ ወደ 10,000 የሚሆን ሞዘር ከነጥይቱ ተሰጠ። አባት ጋፋት ላይ መድፍ አቀለጠ፣ ልጅ በርሊን ላይ ጠመንጃ አመጣ። እንግዲህ ከእነዚያ ሞዘሮች አንዱ ዛሬ እጃችሁ ቢገባና «ወደ ነበረበት ልመልሰው» ብትሉ፣ ወደ ጀርመን ፋብሪካ መልኩ ነው ወይስ የማይጨው ጭቃ ወደነካው? እኔ የምለው፣ ጠመንጃ የተወለደበት ቦታና የኖረበት ቦታ ሁለት ናቸው፤ ፋብሪካው ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው ያያት፤ እኛ ዘንድ መቶ ዓመት ኖራለች።

ስለዚህ ቆዳውን አልነካሁትም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አነሣሁ፣ በቃ።

የአጎቴስ? ቫርኒሹን አንሥቻለሁ፤ ጽሑፍ ይሸፍን ነበርና። የቆረጠውን እንጨት መልሻለሁ፤ አፈሙዙ ያለ ድጋፍ ቀርቶ ነበርና። ነገር ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። አሜሪካ ያሉት ጠጋኞች አዲሱን እንጨት የሚቀጥሉት ልክ ቀለበቱ በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ቀለበቱ ሲመለስ መጋጠሚያውን ይሸፍነዋል፤ ማንም አያየውም። የእኛዪቱ መጋጠሚያ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ቀለበቱ ግን የለም። የፊተኛውን አንድ ብረት ሠሪ ከቆርቆሮ አስመስሎ ሠራልኝ፤ የኋለኛውን፣ የማንገቻ መያዣ ያለውን፣ ሳጣ በቦታው የአጎቴን የስልክ ሽቦ መለስኩት። መጋጠሚያው ይታያል። አንዳንድ ሰው አስቀያሚ ነው ይላል። እኔ ማታለል ስላልተቻለ ደስ ብሎኛል፤ ያያት ሁሉ የት ድረስ ዋልነት፣ ከየት ወዲያ ዋንዛ እንደሆነ ያውቃል።

ወጣቶች፣ የጠራችሁኝ ለዚህ ነውና አንድ ልለምናችሁ። ቤታችሁ አሮጌ ጠመንጃ ካለ መጀመሪያ ፈቃዱን አስተካክሉ። ጎርሶ እንዳይሆን ባለሙያ ይየው። አትተኩሱበት፤ መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ውስጡ ምን እንዳለ ዓይን አያይም። ከዚያ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ከማንሣታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ ከሁሉም በላይ ቆዳውን ማን ሰፋው፣ ሽቦውን ማን አሰረው፣ ፊደሉን ማን ጫረው ብላችሁ አረጋውያንን ጠይቁና በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ በክረምት ስለሚደማ ነው።

ስለ ጠፋው ቀለበት ጠይቃችሁኝ ነበር። ተገኝቷል። ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ቤት ቡና ስጠጣ ከምድጃው አጠገብ የተጋደመ መጥረቢያ አየሁ። እጀታው ተሰንጥቆ ኖሮ አንድ የብረት ቀለበት አጥብቆ ይዞታል፤ ቀለበቱ ከሥሩ የማንገቻ መያዣ አለው። አጎቴ ያወለቀ ለት እሷ አንሥታ ነው ያስቀመጠችው፤ ያኔ ቡናውን ያፈላችውም እሷ ናት። ተነሥቼ ለመንኳት፣ ሌላ አዲስ መጥረቢያ ከነእጀታው ልግዛልሽ አልኳት። «ልጄ፣ አንተ ለጌጥ ነው፤ እኔ እንጨት እፈልጥበታለሁ» አለችኝ። ቀለበቱ አሁንም መጥረቢያው ላይ ነው።